በሩ ሲዘጋ የምጠይቀው

ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሚቀዘቅዝ ፈሳሽ ናይትሮጅን የቆየው ሽል ከቅዝቃዜው ተላቆ በለስላሳ ካቴተር ማህፀን ሲገባ፣ አልትራሳውንዱ ላይ አንዲት ነጭ ነጥብ ብልጭ ትላለች። "ዶክተር፣ እሱ ነው?" ይሉኛል። ነጥቧ አብሮት የገባው አየር ናት፤ ሽሉ ራሱ አይታይም።

እዚያው ተቀምጦም አይጠብቅም። ከማህፀን ግድግዳ እስኪጣበቅ ድረስ የማህፀኑ መኮማተር ወደ ማህፀን ቱቦ ሊገፋው ይችላል። ጤነኛ ቱቦ ይመልሰዋል፤ ኢንፌክሽን ጠባሳ የተወበት ግን ይዞት ይቀራል። ከሰውነት ውጭ የማዳቀል ሕክምና ፈር ቀዳጆች ስቴፕቶና ኤድዋርድስ በዚህ ሕክምና ያገኙት፣ እ.ኤ.አ. በ1976 ይፋ ያደረጉት እርግዝና እንኳ ቱቦ ውስጥ ነበር፤ በሕክምናው የመጀመሪያዋ ልጅ ሉዊዝ ብራውን የተወለደችው በ1978 ነው።

የቀዘቀዘ ሽል መጠቀም ከማህፀን ውጭ የማርገዝን አደጋ በአብዛኛው ይቀንሳል። እንቁላል ለማብዛት የተሰጠው ሆርሞን ከሰውነት ስለሚወጣ ማህፀኑ ይረጋጋል ተብሎ ይታሰባል። ሽሉን በ3ኛው ቀን ከማስገባት 5ኛውን መጠበቅ፣ ከሁለት ይልቅ አንድ ማስገባትም ይረዳል። የማህፀኗ ግድግዳ የሳሳ ሴት ስትገጥመኝ ደግሞ እጠነቀቃለሁ። ከሁሉም የሚከብደው ግን የቱቦው ታሪክ ነው፦ ቀድሞ ከማህፀን ውጭ ያረገዘች፣ ቱቦዋ ላይ ኦፕራሲዮን የተደረገላት፣ ማህፀኗና ቱቦዋ በኢንፌክሽን የተጎዱባት፣ የምታጨስ። ሁለቱም ቱቦዎቿ የወጡላት ሴት እንኳ በተረፈው ጉቶ ልታረግዝ ትችላለች።

ይህን ታሪክ ማሽን አይነግረኝም። አንዲት እህት ባሏና አማቷ ግራና ቀኝ ተቀምጠው ሳለ "ኦፕራሲዮን ተደርገሽ ታውቂያለሽ?" ብዬ ጠየቅኋት። "ኧረ በጭራሽ" አለች። የደም ምርመራዋ እርግዝና ሲያሳይ አማቷ እልል አሉ። በ6ኛው ሳምንት ትከሻዋን ይዛ፣ ላብ አጥምቋት መጣች። ቱቦ ፈንድቶ ሆድ ውስጥ የፈሰሰ ደም ድያፍራምን ሲነካ ሕመሙ ትከሻ ላይ ይሰማል። ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ስንገፋት እጄን ሳብ አድርጋ፣ "ዶክተር፣ ሳላገባ በፊት በዚሁ ሕመም ኦፕራሲዮን ተደርጌ ነበር" አለችኝ። እሷ ተረፈች፤ እርግዝናው አልተረፈም። እውነቱን ልትመልስ በማትችልበት ቦታ የጠየቅኋት እኔ ነኝ።

ዛሬ ቤተሰቡን ውጭ እንዲጠብቁን እለምናለሁ። በሩ ሲዘጋ "እህቴ፣ የምትነግሪኝ ከዚህ ክፍል አይወጣም" እላለሁና እስክሪብቶዬን አስቀምጣለሁ። ብዙዎቹ መጀመሪያ ዝም ይላሉ። እጠብቃለሁ።