ተራ የሌለው ሰንጠረዥ፦ «ወረራ» እንደ ጨዋታ ንድፍ፣ ከመርካቶ ሲታይ

ሁለት ተጫዋቾች ተራ ሳይጠባበቁ ጠጠር የሚያንቀሳቅሱበት የሰሌዳ ጨዋታ ብዙ ጊዜ የኮምፒውተር ዘመን ግኝት ተደርጎ ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ በኢንተርኔት የተስፋፋው «ኩንግ ፉ ቼስ» ለዚህ ይጠቀሳል። የእኛው ቼዝ፣ ሰንጠረዥ፣ ግን ይህን ባሕርይ ከብዙ ዘመን በፊት በመክፈቻው ይዞታል። «ወረራ» በሚባለው ምዕራፍ ሁለቱም ወገኖች፣ በአንድ ጊዜ፣ የፈለጉትን ያህል እየተንቀሳቀሱ ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ፤ አንዱ የሌላውን ጠጠር መጀመሪያ ሲበላ ወረራው ያበቃና ጨዋታው ተራ በተራ ይሆናል። የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት የጨዋታውን ታሪክና ሕግ ሰብስበዋል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመንም እንግሊዛዊው ቆንስል ዋልተር ፕላውደን ስለ ጨዋታው ጽፈዋል። እነዚህን ጽሑፎች የሚያነብ ሰው ወረራን እንደ እንግዳ ልማድ አይቶ ሊያልፈው ይችላል። እኔ ግን የማነበው የአንድ ከባድ የንድፍ ችግር መፍትሔ አድርጌ ነው።

ችግሩ እጅ ከአእምሮ መቅደሙ ነው። ተራ ሲነሣ ጨዋታው የፈጣን ጣቶች ውድድር ሆኖ ያርፋል፤ ስልት ይጠፋል። ኩንግ ፉ ቼስ ይህን የተወጣው የተንቀሳቀሰ ጠጠር ጥቂት ጊዜ እንዲያርፍ በማስገደድ ነው፤ ዕረፍቱን የሚቆጥረው ደግሞ ማሽን ነው። ሰንጠረዥ ሰዓትም ማሽንም አላስፈለገውም። ጠጠሮቹ ራሳቸው ዘገምተኞች ናቸው፦ ፈርዝ በሰያፍ አንድ ቤት፣ ፊል በሰያፍ ወደ ሁለተኛው ቤት ዘሎ፣ መደቅ አንድ ቤት ወደፊት። እንደ ዛሬው ቼዝ የሚሮጡት ደር (ሩክ) እና ፈረስ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ሁለቱ ሠራዊቶች እስኪነካኩ ጊዜ ይወስዳል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የፈጠነ ሰው የሚያገኘው ሽልማት የለም። እንዲያውም ይጎዳል፤ አሰላለፉን ቀድሞ የጨረሰ ዕቅዱን ለባላጋራው ያሳየ ነውና። የዘገየው ያየውን አይቶ የራሱን ያስተካክላል። ከልክ በላይ የዘገየ ደግሞ ሳይዘጋጅ ይበላበታል። መፍጠንም መዘግየትም ዋጋ የሚያስከፍሉበት ይህ ሚዛን ነው የወረራ ጥበብ።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ነገር አለ። በሰንጠረዥ ንጉሡን በደር ወይም በፈረስ ማሸነፍ ጥበብ የጎደለው ተደርጎ ይታይ ነበር፤ በፊል ወይም በፈርዝ ሲሆን ይወደሳል፣ በመደቅ ሲሆን ደግሞ የበለጠ። መክፈቻው የእጅን ነፃነት ይፈቅዳል፣ መዝጊያው ደካማውን ጠጠር ያከብራል። ሁለቱም ጉልበትና ፍጥነት ለብቻቸው እንዳይነግሡ ያደርጋሉ።

መርካቶ እዚህ የሚገባው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ታሪካዊ ነው። ፓንክረስት እንደሚሉት ሰንጠረዥ የጠፋው ከጣሊያን ጦርነት በኋላ ነው፤ በዚያው የጣሊያን ወረራ ዘመን ጣሊያኖች የአዲስ አበባውን የአራዳ ገበያ አንሥተው የአገሬውን ንግድ ዛሬ መርካቶ ወዳለበት ወደ አዲስ ከተማ ሰፈር ወሰዱት። ገበያው ሲመጣ ጨዋታው እየሄደ ነበር ማለት ነው፤ ሳይተዋወቁ ተላለፉ። ሁለተኛው ምክንያት ዛሬም በመርካቶ ተሸካሚውና ደላላው ሥራ ሲቀዘቅዝ በካርቶን ላይ ቆርኪ ደርድሮ ዳማ መጫወቱ ነው፤ የአንዱ ቆርኪ ተገልብጦ፣ የሌላው ቀና ብሎ። አዲስ ጨዋታ የሚነድፍ ሰው ከዚህ የተሻለ መሞከሪያ አያገኝም፤ መጫወቻው በነፃ ነው፣ ተመልካቹም ዝም ብሎ አያይም።

(መርካቶን ራሱን ከወረራ ጋር ማመሳሰል ይቀናል፤ እኔ አልስማማም። የዋጋ ክርክር ከምንም በላይ ተራ የሚጠብቅ ነገር ነው፤ አንዱ ይጠራል፣ ሌላው ያወርዳል፣ እንደገና ይጠራል።)

ዳማ ላይ ወረራ እንጨምር ብንል ምን ይሆናል? ይደርቃል። ተራ ቆርኪ ወደኋላ ስለማይመለስ የተንቀሳቀሰ ሁሉ የማይታረም ነገር አድርጓል፤ ስለዚህ ሁለቱም ተጫዋቾች ባላጋራቸው እስኪጀምር እየጠበቁ ቁጭ ይላሉ። በሰንጠረዥ ይህ የማይሆነው ከመደቅ በቀር ሌሎቹ ጠጠሮች መመለስ ስለሚችሉ ነው። ገበጣ ላይ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው፦ ጠጠሩ የጋራ ነው፣ በመዝራት ጊዜም ወደ ባላጋራ ጉድጓድ ይገባል። ሁለት እጆች በአንድ ጊዜ ቢዘሩ የአንዱ ጉድጓድ ስንት እንደያዘ ቆጥሮ ማሰብ አይቻልም፤ ስሌት በዕድል ይተካል። ይህ ሁሉ የሚያሳየው ተራ አልባነት በማንኛውም ሰሌዳ ላይ የሚለጠፍ ጌጥ አለመሆኑን ነው። የራስ ግዛት፣ የሚመለስ ጠጠርና ሩቅ ግንኙነት ይፈልጋል።

እንግዲህ ለቆርኪ ዳማ የማቀርበው ሙከራ ይህ ነው፦ እስከ መጀመሪያው መብላት ድረስ ቆርኪ ወደኋላም ይመለስ፤ በየወገኑ ሦስት ረድፍ የነበረውም አሰላለፍ ወደ ሁለት ይቀነስ፣ መነካካቱ እንዲርቅ። ከመጀመሪያው መብላት በኋላ የዳማ ሕግ እንደነበረ ይቀጥል፤ ቀጣዩም ተራ ቆርኪ የተበላበት ተጫዋች ይሁን። ሁለት እጆች በአንድ ቅጽበት ቢበሉ ግን ሕጉ ብቻውን አይበቃም፣ ዳኛ ያሻል። ዳኛው ከቆሙት ተመልካቾች አንዱ ይሆናል፤ ለሚቀጥለው ዙር ተራ የያዘው ሰው ግን አይሆንም፣ ማን ቶሎ እንዲሸነፍ እንደሚፈልግ ይታወቃልና።