የሰው ወርቅ

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለውን ምሳሌ በመምህርነት ዘመኔ ስንት ጊዜ በጥቁር ሰሌዳ ላይ እንደ ጻፍሁት አላስታውስም። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ግን ይኸው ምሳሌ ተመልሶ እኔኑ ፈተነኝ።

ቤቴ በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ለቡ ነው። የታክሲው ረዳት «ሙዚቃ ሰፈር!» እያለ ሲጣራ በየቀኑ እሰማለሁ እንጂ ስለ ሙዚቃ የማውቀው በሚስዮን ትምህርት ቤት ከተማርሁት መዝሙር ብዙ አያልፍም። ይህም ሆኖ መፍረድ እወዳለሁ። አንድ ምሽት የልጅ ልጄ ራፕ የሚሉትን ዘፈን ከፍ አድርጎ ሲያዳምጥ፣ «አንተ ልጅ፣ የአገርህን ዜማ አጥተህ ነው የአሜሪካ ጩኸት የምትሰማው?» አልሁት። እርሱም ሳይቆጣ፣ «አባባ፣ ቃሉን ይተዉትና ከሥር ያለውን ዜማ ይስሙት» አለኝ። አሜሪካዊው ናስና የጃማይካው ዴሚያን ማርሊ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት «አዝ ዊ ኢንተር» በተባለው ዘፈን ውስጥ የሚመላለሰው ዜማ የሙላቱ አስታጥቄ «የግሌ ትዝታ» ኖሯል። ጩኸት ብዬ የሰደብሁት የራሳችን ገንዘብ ሆኖ ተገኘ።

ሙላቱ በጅማ ተወልዶ፣ በወጣትነቱ ወደ ብሪታንያ ተሻግሮ፣ መሐንዲስ ይሆናል ሲባል ወደ ሙዚቃ አዘነበለ፤ ቀጥሎም በቦስተን በርክሊ በተባለው ትምህርት ቤት ተማረ። ነገር ግን ጃዝን እንደ ተገዛ ኮት ለብሶት አልመጣም። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የተባሉት ቅኝቶቻችን እያንዳንዳቸው በ5 ድምፅ የቆሙ ናቸው፤ የምዕራቡ ሙዚቃ ግን 12 ድምፅ አለው። አሥራ ሁለቱን በአምስቱ ላይ ያለ ልክ ቢያፈሱት ቅኝቱ ይሰጥማል። የሙላቱ ብልኀት ጥንቃቄው ነው፤ ዜማውን ለቅኝቱ ትቶ፣ ምቱንና አጃቢውን ድምፅ ከውጭ ያመጣለታል። እንግዳው ባለቤቱን ከመደቡ አላስነሣውም። አሜሪካዊው የፊልም ሠሪ ጂም ጃርሙሽ እ.ኤ.አ. በ2005 «ብሮክን ፍላወርስ» በተባለው ፊልሙ ውስጥ የሙላቱን ሥራዎች ሲያሰማ፣ አሜሪካ ያበደረችውን ከነወለዱ ተቀበለች።

የራፑን ዘፈን ግን ሁሉንም አላመሰግነውም። ከዜማው አንዲት ቁራጭ ቆርጠው ይደጋግሟታል፤ የትዝታ ጣዕም ደግሞ እየራቀ በመሄዱና በመመለሱ ነው። ሆኖም ሁለቱ ሰዎች በዚያች ቁራጭ ላይ ቃል እየተቀባበሉ ሲሮጡ፣ በተበደሩት ነገር ሥራ እንደ ሠሩበት አልክድም።

የቋንቋም ነገር እንዲሁ ነው። «መኪና» ከጣሊያን መጣ፤ እኛም «መኪኖች»፣ «ባለመኪና» እያልን አገባነው፤ ዛሬ እንግዳ የሚለው የለም። «አክችዋሊ» ግን «እንዲያውም» በቦታው ሳለ ወንበሩን ይቀማዋል፤ ሥራ ሳይሠራ ደመወዝ እንደሚቀበል ሰው ነው።

ይህን ስል ራሴን ነጻ አላወጣም። በተማርሁበት ትምህርት ቤት በግቢው ውስጥ አማርኛ የተናገረ ይቀጣ ነበር። መምህር ስሆን ቅጣቱን በፌዝ ለወጥሁት። አንድ ተማሪ ለመጠየቅ ተነሥቶ አንዲቷን የእንግሊዝኛ ቃል ቢያበላሽ፣ ቃሏን እንደ እርሱ አድርጌ ደግሜ ክፍሉን ሁሉ አሳቅሁበት። ልጁ ተቀመጠ፤ ከዚያም በኋላ በእኔ ክፍል እጁን አላወጣም። ሊጠይቀኝ የነበረው ምን እንደ ሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። እንግሊዝኛ ለእውቀት መክፈቻ ተሰጥቶኝ ሳለ ለጌጥ ያዝሁት፤ የሰው ወርቅ ያላደመቀኝ ያን ጊዜ ነው።

ስለዚህ፣ ወጣቶች ሆይ፣ ከውጭ የመጣ ነገር በእጃችሁ ሲገባ «የማን ነው?» ብላችሁ አትቁሙ፤ «ምን ልሠራበት?» ብላችሁ ጠይቁ። ሙላቱ ወርቁን አቅልጦ የራሱን ጌጥ ሠራበት፤ እኔ ግን እንዳለ አንገቴ ላይ አሥሬ ሰው ናቅሁበት።

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ሌላ ዘፈን ይዞ መጥቶ፣ «አባባ፣ ከመፍረድዎ በፊት ይስሙ» አለኝ። «እሺ» ልለው ስል «ኦኬ» የሚል ቃል አመለጠኝ። ልጁም ሳቀብኝ፤ እኔም ፍርዱን ተቀበልሁ።