ሁለተኛው ረቂቅ፦ ለጀማሪ ልብ ወለድ ጸሐፊዎች

ሐረር ውስጥ ልብ ወለድ የሚጽፍ ወጣት ታሪኩን ብዙውን ጊዜ ከሸዋ በር ይጀምራል። እንዳነባቸው ከተሰጡኝ ረቂቆች መካከል በርካታዎቹ ዋናውን ገጸ ባሕርይ በዚሁ በር አስገብተው፣ ግንቡን አስጎብኝተው፣ ጅብ ሲቀለብ አሳይተው፣ በራምቦ ቤት በኩል አሳልፈው ነው ከታሪኩ የሚደርሱት። እስከዚያ ድረስ ሠላሳ ገጽ አልቋል። አንባቢው ከተማዋን ጎብኝቷል፤ ሰው ግን አልተዋወቀም።

ሸዋ በር ከጥንታዊዎቹ አምስት የጀጎል በሮች አንዱ ነው፤ ሐረሪዎች አስማዲን በሪ ይሉታል። ግንቡ በ16ኛው ምዕተ ዓመት በዐሚር ኑር ዘመን እንደ ተሠራ፣ ጀጎልም በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት እንደ ተመዘገበ የታወቀ ነው። ይህ ሁሉ ለታሪክ መማሪያ መጽሐፍ ይጠቅማል። ልብ ወለድ ግን የሚጀምረው በበሩ የምታልፈው ሴት በዚያ ዕለት ምን እንደምትሻና ማን እንደሚከለክላት ስናውቅ ነው። የተሸከመችውን እንጨት ሸጣ ከቀትር በፊት ለልጇ መድኃኒት መግዛት ካለባት፣ ገዢው ደግሞ ችግሯን አይቶ ዋጋ ለመስበር ሆን ብሎ የሚያዘገያት ከሆነ፣ በሩም ገበያውም ያን ጊዜ ትርጉም ያገኛሉ። መቼት ከሰው ፍላጎትና ከግጭት ሲነጠል ግድግዳ ላይ እንደ ተሰቀለ ሥዕል ይሆናል፤ ያማረ፣ ነገር ግን የማይንቀሳቀስ።

ሁለተኛው ድክመት በምልልስ ላይ ይታያል። በሸዋ በር ገበያ ለአንድ ሰዓት የቆመ ሰው አማርኛው፣ ኦሮምኛው፣ ሐረሪውና ሶማሊኛው ሲወራረሱ ይሰማል፤ አንዷ ነጋዴ ለደንበኛዋ በአንዱ ቋንቋ ዋጋ ጠርታ ለጎረቤቷ በሌላው ታማዋለች። በረቂቆቹ ውስጥ ግን ሁሉም ሰው እንደ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይናገራል። አለዚያም ጸሐፊው በየዐረፍተ ነገሩ ጫፍ «አቦ» የሚል ቃል ይሰካና የሐረር ሰው የፈጠረ ይመስለዋል። «አቦ» ብቻውን ሰው አይወልድም። ሰው በአነጋገሩ የሚታወቀው በሚደብቀው ነገር፣ ንግግሩን በሚያቋርጥበት ቦታ፣ ማንን «አንተ» ማንን «እርስዎ» ብሎ እንደሚጠራ ነው። በልጅነቱ ሐረር የተማረው መንግሥቱ ለማ በ1959 ዓ.ም. የታተመውን «መጽሐፈ ትዝታ ዘአለቃ ለማ ኃይሉ»ን ሲያዘጋጅ፣ የአባቱን ትረካ በመቅረጸ ድምፅ ቀድቶ፣ የንግግሩን ለዛ ጠብቆ ነው ወደ ጽሑፍ ያመጣው። ተውኔቶቹ ላይ የምናደንቀው ምልልስ ከእንዲህ ዓይነት ትዕግሥተኛ ጆሮ ጋር የሚዛመድ ይመስለኛል።

ሦስተኛውና ከሁሉም የከፋው ድክመት ረቂቅን እንደ ተጠናቀቀ ሥራ መቁጠር ነው። «አንዴ ከልቤ የወጣውን አልነካውም» የሚል ወጣት ብዙ ነው። ለዚህ መልስ የሚሆን ምሳሌ በገዛ ሥነ ጽሑፋችን ውስጥ አለ። በዓሉ ግርማ «የሕሊና ደወል»ን በ1966 ዓ.ም. አሳተመ። በመካከሉ ሌሎች ልብ ወለዶች ጽፎ ስሙ ከገነነ በኋላ ወደዚያው ታሪክ ተመለሰና እንደ አዲስ ጽፎት «ሐዲስ» በሚል ርእስ በ1975 ዓ.ም. ለአንባቢ አቀረበው። ታትሞ የተነበበ መጽሐፍ ነበር፤ ያስገደደው ሰው መኖሩን የሚያሳይ ነገር የለም። የተሻለ መጻፍ እንደሚችል ያወቀ ደራሲ ግን የትናንቱን ሥራ እንደ ረቂቅ ለማየት አያፍርም። ይኸው ሰው በዚያው ዓመት ባሳተመው «ኦሮማይ» ሳቢያ ከሥራው ተባርሮ፣ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ቀርቷል። ለቃሉ እስከዚህ የታመነ ደራሲ ባለበት አገር፣ የራሳችንን ገጽ ሁለት ጊዜ ለማንበብ መስነፍ አይገባንም።

እዚህ ላይ ወቀሳው ለወጣቶቹ ብቻ አይደለም። መምህራን፣ የባህል ኃላፊዎችና ካድሬዎች፣ እንዲሁም እኛ «ቀደምት» ነን የምንል ጸሐፍት፣ ረቂቅ ሲቀርብልን በቅድሚያ የምንጠይቀው «መልእክቱ ምንድን ነው?» ብለን ነው። «ሰውየው ሕያው ነውን?» የሚለውን ጥያቄ እንረሳዋለን። ወጣቱም ይህን ያውቃልና ቡና ሻጯን እንደ ስብሰባ የአቋም መግለጫ ያናግራታል።

እኔም ከዚህ ጥፋት ነጻ አይደለሁም። ከዓመታት በፊት አንድ ወጣት መምህር በእጁ የጻፈውን ወፍራም ረቂቅ አመጣልኝ። ሦስት ምዕራፍ ብቻ አንብቤ «ጠቃሚ መልእክት ያለው ሥራ ነው፤ በርታ» ብዬ ጽፌ መለስኩለት። ያችን ቃል አምኖ፣ ተበድሮ አሳተመው። መጽሐፉ ተሸጦ አላለቀም፤ ያነበበውም ሰው ያነሣው ስለሌለ ስለ ስሕተቱ እንኳ የነገረው አልነበረም። በኋላ ከገበያው አጠገብ አገኘሁትና መጻፍ መተዉን ነገረኝ። «ጋሼ፣ ያን ጊዜ እውነቱን ቢነግሩኝ ኖሮ እንደገና እጽፈው ነበር» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ሙገሳዬ ደግነት መስሎኝ ነበር፤ ለካስ ስንፍና ኖሯል።

ስለዚህ ለእርሱ ሳልነግረው የቀረሁትን ለተከታዮቹ ልናገር። ረቂቁን ስትጨርስ ለአንድ ወር ያህል ከዓይንህ አርቀው፤ በዚህ ጊዜ ሌላ ነገር አንብብ። ከዚያ ብዕር ሳትይዝ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብበው፤ የሰለቸህን ገጽ አንባቢም ይሰለቸዋልና ምልክት አድርግበት። ለእያንዳንዱ ምዕራፍ «በዚህ ውስጥ ምን ተለወጠ?» ብለህ ጠይቅ፤ ምንም ካልተለወጠ ምዕራፉ ቢያምርም ይውጣ። የመጀመሪያዎቹን ገጾች ሸፍነህ ታሪኩ ያለ እነርሱ ይቆም እንደሆነ ሞክር፤ ብዙ ጊዜ ይቆማል። እንባ፣ ሳቅና ምሳሌያዊ አነጋገር ስንት ጊዜ እንደ ተደጋገሙ ቍጠር። ባላንጣህን ገጸ ባሕርይ እርሱ ራሱ ትክክል ነኝ ብሎ በሚያምንበት ምክንያት አናግረው፤ ያለ ምክንያት የሚከፋ ሰው ማንንም አያስፈራም።

በመጨረሻም ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብበው። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በኋላ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲተረክ፣ መጽሐፉን በእጁ ነክቶ የማያውቅ ሰው ሳይቀር እያንዳንዱን ገጸ ባሕርይ ለይቶ ያውቅ ነበር። ያ የተራኪው ችሎታ ብቻ አይደለም፤ ጽሑፉ ለጆሮ የሚበቃ ስለነበረም ነው። ምላስህ የተሰናከለበት ዐረፍተ ነገር ገና አልተጻፈም ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ካደረግህ በኋላ ረቂቁን ለማያሞግስህ ሰው ስጠው። እኛም ስንቀበል እስከ መጨረሻው ገጽ እናንብብ፤ ያየነውን ስሕተት ከነገጹ ጽፈን እንመልስ። ይህን ለማድረግ ጊዜ የሌለን ከሆነ ግን «ጊዜ የለኝም» እንበል እንጂ «በርታ» አንበል።