ሞፈሩ ያልታየበት ፊልም

ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ የሚወርድ መንገደኛ በግራና በቀኝ የሚያየው የጤፍ ማሳ ከዓመት ዓመት እየሸሸ ነው። ቢሾፍቱ፣ ሞጆ፣ ከዚያም አዳማ፤ አጥሩና መጋዘኑ ይበዛል። ለካሜራ ሰው ከዚህ የበለጠ ምን ሲሳይ አለ? ነገር ግን ስለ መሬት መነጠቅ የተሠራ፣ እንደ ፊልም ሊተች የሚችል ሥራ አምጣ ብባል የማነሣው ሌላ አገር ላይ ያለውን ነው፤ ጋምቤላን።

ስዊድናዊው ዮአኪም ዴመር እ.ኤ.አ. በ2017 ያቀረበው ዘጋቢ ፊልም ርዕሱን ከእኛው ተረት ነው የወሰደው፦ የሞተ አህያ ጅብ አይፈራም። ዴመርን ለሥራው ያነሣሣው አዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ ያየው ነገር ነበር፤ የእርዳታ እህል ሲራገፍ፣ ለውጭ ገበያ የሚሄድ ምግብ ደግሞ ሲጫን። ከዚያ ወደ ሳዑዲ ስታር እርሻ፣ ከጋዜጠኛው አርጋው አሽኔ ጋር፣ እስከ ዓለም ባንክ ድረስ ይጓዛል። ደፋር ሥራ ነው። ቅሬታዬ ግን የፊልሙ ጀግና ገበሬው ሳይሆን ምርመራው መሆኑ ላይ ነው። ገበሬው በአመዛኙ መስካሪ ነው፤ ቃሉን ሰጥቶ ይሄዳል።

ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን (እ.ኤ.አ. 1976) ሲሠራ ይህን አላደረገም። ልብ ወለድ ፊልም ነው፣ አውቃለሁ፤ ግን ከብዙ ዘጋቢ ፊልም ይልቅ የሚዘግብ እሱ ነው። በሬው ሲጠመድ፣ ጭሰኛው ሲያርስ፣ ባለርስቱ ተቀምጦ ሲሳደብ፣ ካሜራው አይቸኩልም። ሁለት ሰዓት ተኩል ጥቁርና ነጭ! ተመልካቹ ይሰለቻል የሚሉ አሉ፤ ይሰልች። ከበበ የሚሉት «እብድ» በመጨረሻ ባለርስቱን ሲገድል የምንረዳው ያን ሁሉ እርሻ ስላየን ነው።

የኦሮሚያው ጉዳይ ግን ሌላ መልክ አለው። የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን በ2006 ዓ.ም. ተማሪዎችን ከየዩኒቨርሲቲው ሲያስወጣ፣ ኅዳር 2008 ጊንጪ ላይ ሲያገረሽ፣ ጥር 2008 መንግሥት ዕቅዱን ሲተው፣ ቀራጩ ሞባይል ስልክ ነበር። መስከረም 22 ቀን 2009 ሆራ አርሰዲ ላይ በእሬቻ በዓል የደረሰውም እንዲሁ። ይህ ሁሉ ምስል አለ። የሚንቀጠቀጥ፣ የሚያቃስት፣ ደቂቃ የማይሞላ። ምስሉ የሚያሳየን ግን ሞትንና ሩጫን ነው፤ ልጁ የሮጠለትን ማሳ አይደለም። በ1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ያሉት ተማሪዎች ሰልፋቸው ሲታወስ ጭሰኛው እንደሚጠፋ ሁሉ፣ የአሁኖቹም አባቶች ከምስሉ ውጭ ቀርተዋል።

አንድ ወጣት ፊልም ሠሪ ምክር ቢጠይቀኝ ሰልፉን ተወው አልለውም። ግን ከዩኒቨርሲቲው በር በፊት ወንጂ ሂድ እለዋለሁ። የሆላንዱ ኤች ቪ ኤ እ.ኤ.አ. በ1954 ስኳር ማምረት የጀመረው እዚያ ነው። የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ሲጠናቀቅ ውኃው የሸፈነው መሬት አለ፤ መተሐራ ላይ ከረዩዎች ለአገዳውና ለፓርኩ የለቀቁት ግጦሽ አለ። እነዚህን በማስተር ፕላኑ ብቻ የሚጀምር ፊልም ሊነግረን አይችልም። ቆቃ ሲሞላ ከብት ይጠብቁ የነበሩ ልጆች ዛሬ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ካሜራውን ይዞ እነሱ ዘንድ የሚደርስ ሰው ብዙ ጊዜ የለውም።