የሺሺንዳ ጀበና

ከቦንጋ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በሺሺንዳ ቡና በተፈላ ቊጥር ምስጋናው ሁሉ ለፍሬው ይሰጥና፣ ከእሳት ጋር የምትታገለው ጀበናና እርሷን ያበጀች እጅ ሳይወደሱ ይቀራሉ፤ እኔ ግን ውዳሴዬን ለእነርሱ አቀርባለሁ። ሸክላ ሠሪዋ መንኰራኵር ሳትሻ፣ ጭቃውን ከደቀቀ ገል ጋር አቡክታ፣ ክቡን ሆድ በመዳፏ እየዳበሰች ታቆምና ቀጭኑን አንገትና እጀታውን ትቀጥልበታለች፤ ጠፈፍ ሲልም በለስላሳ ደንጊያ አሽታ፣ በጥላ አድርቃ፣ በሜዳ ላይ በእንጨትና በሣር እሳት ታበስለዋለች።

የሸክላ ጥበብ በሌላ አገር ይከበራል፤ በሆላንድ አገር በዴልፍት ከተማ በ1653 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው፣ የቻይናን ሸክላ አብነት አድርጎ በነጭ መደብ ላይ በሰማያዊ ቀለም የሚሥለው ዝነኛ ፋብሪካ በ1919 እ.ኤ.አ. የንጉሣዊነትን ማዕርግ ተቀዳጅቷል። የእኛዋ ጠቢብ ግን እንኳንስ ማዕርግ ልትቀበል፣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ ካስነገሩ በኋላም ንቀቱ ፈጽሞ አልቀረላትም፤ ይህም እጅግ ያሳዝነኛል።

ስለዚህ ከገበያ ጀበና የሚገዛ ሰው፣ በዋጋ ከመከራከሩ በፊት ሆዷን በጣቱ መታ መታ አድርጎ ድምፅዋን ያዳምጥ፤ ጥርት ብሎ ከተሰማው ሳትሰነጠቅ በስላለችና፣ ሠሪዋ የጠየቀችውን ይክፈል።