ድምፃዊው ከከበሮው ይጀምር

ከባንድ ወጥቶ የራሱን አልበም ለመሥራት የተነሣ ድምፃዊ አቀናባሪ ፊት ሲቀመጥ ጥያቄው ሁሉ ስለ ድምፁ ነው። ድምፄ እንዴት ጎልቶ ይውጣ? በምን ማይክሮፎን ይቀዳ? የትኞቹ ሙዚቀኞች ያጅቡኝ? በሙያው የቆዩ ሰዎችም መልሳቸው ከጥያቄው ብዙ አይርቅም፤ ድምፅህን ሰው ያውቀዋል፣ ጎበዝ ተጫዋቾች ሰብስብና ድምፅህን ከፊት አድርገው፣ ሌላው ይከተላል ይሉታል። እኔ በዚህ ምክር አልስማማም። በፕሮግረሲቭ ሮክ ባንድ ውስጥ የበሰለ ድምፃዊ ብቻውን ሲቆም አስቀድሞ መወሰን ያለበት ስለ ከበሮው ነው፤ እሱንም ቢሆን ምን ልጨምርበት ብሎ ሳይሆን ምን ላስቀርበት ብሎ። ለዚህ ሐሳብ ድምፃዊው ፒተር ጋብሪኤል ከባንዱ ከጀነሲስ ከወጣ በኋላ ከ1977 እስከ 1980 እ.ኤ.አ. የሠራቸውን ሥራዎች ያህል ግልጽ ማስረጃ አላውቅም።

እኛ ዘንድ አልበም የድምፃዊው ነው። «ኧረ መላ መላ» በማህሙድ አህመድ ስም ይጠራል፤ አይቤክስ ባንድ የቱንም ያህል ድንቅ ቢጫወት አጃቢ ነው። በእንግሊዝ ፕሮግረሲቭ ሮክ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር። ጀነሲስ በ1972 ያወጣው «ሰፐርስ ሬዲ» ከ20 ደቂቃ በላይ ይወስዳል፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ውስጥ የድምፃዊው ድርሻ ከኦርጋኑ፣ ከጊታሩና ከከበሮው ድርሻ ጎን የቆመ አንድ ክፍል ነው። ድምፃዊው መሣሪያዎቹ ቦታ ሲለቁለት ይገባል፣ ሲመለሱ ይወጣል። ጋብሪኤል የቀበሮ ጭንብልና ቀይ ቀሚስ ለብሶ መድረክ ላይ መታየቱ፣ ጓደኞቹ ባለ 12 ክር ጊታሮቻቸውን እስኪቃኙ ድረስም ለታዳሚው እንግዳ ተረት መተረኩ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው የቲያትር ፍቅሩ ማሳያ ተደርጎ ነው። ለእኔ ግን ከሁሉ በፊት የሚያሳየው የሥራ ድርሻውን ነው፤ ረጅም ጊዜ የሚጠብቅ ሰው ጥበቃውን የሚሞላበት ነገር ይፈልጋል። እንዲህ ያለ ድምፃዊ ባንዱን ሲለቅ የሚያጣው ተጫዋቾችን ብቻ አይደለም። መቼ እንደሚገባ ይነግረው የነበረውን ሥርዓትም ያጣል። በዚህ ጊዜ ድምፁን ከፊት ማድረግ ምንም አይፈታለትም፤ ከፊት የሆነው ከምን እንደሆነ ገና አልተወሰነምና።

በ1974 የወጣው «ዘ ላም ላይስ ዳውን ኦን ብሮድዌይ» የተሰኘው ድርብ አልበም ግጥሙ ከሞላ ጎደል የጋብሪኤል ብቻ ነበር፤ ዜማውና ቅንብሩ በአብዛኛው ከጓደኞቹ መጣ። የአልበሙ የመድረክ ጉዞ በ1975 ሲያበቃ ባንዱን ለቀቀ። በ1977 የመጀመሪያ የግል አልበሙን ያዘጋጀለት ከአሊስ ኩፐርና ከሉ ሪድ ጋር የሠራው ፕሮዲዩሰር ቦብ ኤዝሪን ነው። ተጫዋቾቹ እነ ቶኒ ሌቪንና ሮበርት ፍሪፕን የመሰሉ ነበሩ፤ የለንደን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ሳይቀር ተጠርቷል። ማለትም ያ ሁሉም የሚሰጠው ምክር ቃል በቃል ተፈጽሟል። የተገኘው ግን በየዘፈኑ ልብስ የሚቀይር አልበም ነው። አንዱ ዘፈን በአራት ድምፅ ኅብር ይጀምራል፣ አንዱ ከባድ ሮክ ነው፣ አንዱ በኦርኬስትራ ይከፈታል። እያንዳንዱ ለብቻው ሲሰማ ጥሩ ነው፤ በአንድ ላይ ሲሰሙ ግን ድምፃዊው ሌሎች በከፈቱለት በር የሚገባ እንግዳ ሆኖ ቀርቷል።

ለዚህ ከአልበሙ የመጨረሻ ዘፈን፣ ከ«ሂር ካምስ ዘ ፍለድ»፣ የተሻለ ምስክር የለም። እዚያ ላይ ዘፈኑ አዝማቹ ጋ ሲደርስ ከበሮውም ጊታሩም በሙሉ ኃይል ይገባሉ፤ ድምፁ ከእነሱ በላይ ለመሰማት መጮህ ይኖርበታል። ሁለት ዓመት ቆይቶ በ1979 ፍሪፕ በራሱ አልበም፣ በ«ኤክስፖዠር»፣ ላይ ያንኑ ዘፈን ያንኑ ድምፃዊ አስዘፍኖ አወጣው፤ ፒያኖ ነው፣ ዙሪያውን ጥቂት የጊታርና የሲንተሳይዘር ድምፅ ነው፣ ከበሮ የለም። ዜማው አንድ ነው፣ ግጥሙ አንድ ነው፣ ጉሮሮው አንድ ነው። የተለወጠው የተቀነሰው ብቻ ነው፤ ዘፈኑ ግን መጠኑን ያገኘው እዚህ ላይ ነው። ጋብሪኤል ራሱም የ1977ቱ ቅንብር እንደበዛበት ተናግሯል፤ በ1990 ለወጣው ስብስብ ሥራውም ዘፈኑን በፒያኖ ብቻ እንደገና ቀድቶታል።

እዚህ ላይ ተቃውሞ ይነሣል፤ በዚያው በመጀመሪያው አልበም ያለው «ሶልዝበሪ ሂል» ምንም ሳይቀነስበት ሰው እስከ ዛሬ ይወደው የለም ወይ? ይወደዋል። ግን ዘፈኑ የቆመው በምን ላይ እንደሆነ ይታይ። አቆጣጠሩ ሰባት ምት ነው፤ በጀነሲስ ዘመን እንዲህ ያለው አቆጣጠር የከበሮ መቺው ችሎታ ማሳያ ይሆን ነበር። እዚህ ግን ከሥር አንድ ወጥ ምት ብቻ ይመታል፣ አኩስቲክ ጊታሩ ክቡን ይዞ ይዞራል፣ አድማጭ ሰባቱን ሳይቆጥር አብሮ ያዜማል። ከአልበሙ ዘፈኖች ሁሉ ከበሮው አነስተኛ ሥራ የተሰጠው ይህ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ተቃውሞው መልሶ የእኔን ሐሳብ ይደግፋል።

በ1980 የወጣው ሦስተኛው አልበም ላይ ጋብሪኤል ይህን በዕድል የተገኘ ነገር ሕግ አደረገው፤ በአልበሙ ላይ ሲምባል፣ ማለትም ከከበሮው ጋር የሚመታው የብረት ሳህን፣ አይመታም። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ለሚያውቀው ግን ቅንብሩን ከሥሩ የሚነቅል ውሳኔ ነው። ሲምባል ከድምፅ ወሰን የላይኛውን ክፍል ይይዛል፤ በዚያው ከፍታ ላይ ደግሞ የድምፃዊው ትንፋሽ፣ የ«ስ»ና የ«ሽ» ፉጨት፣ የ«ጭ»ና የ«ት» ስባሪ አለ። ቃሉ የሚለየው፣ ሹክሹክታ ሹክሹክታ መሆኑ የሚታወቀው እዚያ ነው። ሲምባሉ ሲነሣ ድምፃዊው ሳይጮህ ይሰማል። ሌላም አለ፤ ከበሮ መቺ በልማድ አዝማቹ ሲገባ ትልቁን ሲምባል ይመታል፣ ይህም ለአድማጭ «አሁን ደረስን» የሚል ማስታወቂያ ነው። ማስታወቂያው ሲቀር መድረሳችንን የሚነግረን ድምፁ ብቻ ይሆናል። ድምፃዊ በባንዱ ዘመን ያልተሰጠው ሥልጣን በዚህ መንገድ እጁ ይገባል። ጋብሪኤል በዚያው ጊዜ ዘፈን የሚጀምርበትን መንገድም ለውጦ ነበር፤ ከኮርድ ተነሥቶ ምት ከመፈለግ ይልቅ በምት ማሽን አንድ ስልት አዘጋጅቶ ዜማውን በላዩ ላይ መፈለግ ያዘ።

ብዙ የድምፅ ባለሙያዎች ግን የዚያን አልበም ታላቅነት ለድምፃዊው አይሰጡም። በለንደኑ ታውንሃውስ ስቱዲዮ ፕሮዲዩሰሩ ስቲቭ ሊሊዋይት፣ የድምፅ መሐንዲሱ ሂው ፓጀም፣ በአንዳንድ ዘፈኖች ላይ ከበሮውን የመታው ደግሞ ፊል ኮሊንስ ነበር፤ የጀነሲሱ ከበሮ መቺ፣ ጋብሪኤል ከወጣ በኋላም በእሱ ቦታ ድምፃዊ የሆነው። የስቱዲዮው ሚክሰር ከተጫዋቾች ጋር ለመነጋገሪያ ብቻ የተሰቀለ ማይክሮፎን ነበረው፤ በኃይለኛ ኮምፕረሰር የሚያልፍ ስለሆነ የክፍሉን ትንሽ ድምፅ ሁሉ ያገዝፋል። ኮሊንስ ሲመታ ያ ማይክሮፎን ተከፈተ፤ የክፍሉ ድምፅ አበጠ፣ ከዚያም ጌት የተባለው ድምፅ ቆራጭ መሣሪያ በድንገት ቆረጠው። «ኢንትሩደር» የሚለው ዘፈን የተሠራው በዚህ ምት ላይ ነው፤ የሚቀጥሉትን አሥር ዓመታት የፖፕ ከበሮም ይህ ድምፅ ገዛው። እንግዲህ ግኝቱ የመሐንዲሱ ነው ይላሉ። እውነት ነው፣ ማይክሮፎኑን የከፈተው ድምፃዊው አይደለም። ነገር ግን ኮምፕረሰር ደካማውን ድምፅ ወደ ላይ የሚጎትት መሣሪያ ነው፤ ሲምባል ቢኖር ኖሮ የረጅም ጊዜ እሽታው አብሮ ተጎትቶ ሁሉን ይሸፍነው ነበር፣ ጌቱም የሚቆርጥበት ዝምታ አያገኝም ነበር። ድምፃዊው አስቀድሞ ባይከለክል መሐንዲሱ የሚያገኘው ነገር አልነበረም። ጋብሪኤልም የሰማውን ወዲያው ለይቶ ያንኑ ምት ሳይለዋወጥ እንዲደጋገም አድርጎ ዘፈን ሠራበት፤ አብዛኛው ድምፃዊ እዚያ ቦታ ላይ ቢሆን ከበሮ መቺው «ጌጥ» እንዲጨምር ይጠይቅ ነበር።

የአልበሙ መዝጊያ «ቢኮ» ይህን ክልከላ እስከ ትርጉም ድረስ ይወስደዋል። የፀረ አፓርታይድ ታጋዩ ስቲቭ ቢኮ በደቡብ አፍሪካ ፖሊስ እጅ ሳለ በመስከረም 1977 ሞተ። ስለ እንዲህ ያለ ሞት የሚዘፍን የውጭ አገር ሰው ትልቁ አደጋው ማጋነን ነው። እዚህ ግን ከሥር አንድ ከባድ ከበሮ ሳይቸኩልና ሳያጌጥ ይመታል፣ ዳርና ዳሩ ላይ የለቀስተኞች ዝማሬ ይሰማል፣ ድምፁ ስሙን ይጠራል። ከበሮው አንዴ እንኳ ቢያጌጥ ዘፈኑ ወደ ትርኢት ይለወጥ ነበር። አትላንቲክ የተባለው ኩባንያ አልበሙን በአሜሪካ አላወጣም ብሎ ለሜርኩሪ ተወው፤ በእንግሊዝ ግን አልበሙ የሽያጩን ሰንጠረዥ አንደኛ ሆኖ መራ። ይህን የማነሣው ሽያጭ ማስረጃ ስለሆነ አይደለም፤ ቅነሳ ሥራውን ለጥቂት አዋቂዎች ብቻ ያደርገዋል የሚሉ ስላሉ ነው።

የተፎካካሪ መንገዶችን ሳልጠቅስ ባልፍ ሚዛኔ ይዛባል። የስ የተባለው ባንድ ድምፃዊ ጆን አንደርሰን በ1976 «ኦሊያስ ኦቭ ሰንሂሎው»ን ሲሠራ መሣሪያዎቹን ሁሉ ራሱ ተጫወተ። ትጋቱን አከብራለሁ፣ አንዳንድ ቦታው በእውነት ያምራል፤ ግን ድምፅ በድምፅ ላይ ሲደራረብ አይሆንም የሚል ሌላ ሰው አልነበረምና ሁሉም ንብርብር እኩል ለስላሳ ሆነ። የቫን ደር ግራፍ ጀነሬተሩ ፒተር ሃሚል ለእኔ ሐሳብ የበለጠ ከባድ ፈተና ነው፤ በበርካታ የግል አልበሞቹ ላይ ያጀቡት ያው የባንዱ ጓደኞች ናቸው፣ አልበሞቹም ድንቅ ናቸው። ሆኖም ሃሚል በባንዱም ውስጥ ዋናው የዘፈን ደራሲ ነበር፤ የሚጠብቅ ድምፃዊ አልነበረምና ሥርዓቱን ይዞት ወጣ። በ1974 «ኢን ካሜራ»ን ሲሠራም አብዛኛውን የቀዳው በቤቱ፣ አራት መስመር ብቻ ባለው መቅጃ ነው። የእሱን ክልከላ መሣሪያው ደነገገለት፤ የጋብሪኤልን ጆሮው።

እኔ በሙዚቃ ሥራ ውስጥ ስቆይ የምወደው ነገር እየጠበበ ሄዷል፤ ዛሬ ቅንብር ስሰማ መጀመሪያ የማዳምጠው ማን ዝም እንዳለና ለማን ሲል ዝም እንዳለ ነው። ከባንድ ለሚወጣ ድምፃዊም የምለው ሲምባል አስወግድ አይደለም። የባንድህ ከበሮ መቺ አንተን ወደ አዝማች የሚያስገባህ በምን ነበር? እሱን ፈልግና አስቀር፤ ተጫዋች የምትጠራው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ለድምፃዊ ብቻ የሚሠራ ነው የሚል ካለ ኮሊንስን ይይ። በ1981 የመጀመሪያ የግል አልበሙን ሲያወጣ እሱ በዓለም የታወቀ ከበሮ መቺ ነበር፤ በኋላ የታወቀበትም ድምፅ በታውንሃውስ የተገኘው ነው። ቢሆንም «ኢን ዚ ኤር ቱናይት» ከሦስት ደቂቃ በላይ ያለ ከበሮ፣ በአብዛኛው በምት ማሽንና በኪቦርድ ይሄዳል፤ ከበሮውን የሚያስገባው ድምፁ ዘፈኑን ከያዘው በኋላ ነው።