ሞርጋንና አኮ ማኖዬ፤ የክፉ ሴት ገጸ ባሕርይ ዳግም ሲተረክ

ልጅ ሆኜ መቱ ውስጥ የአኮ ማኖዬን ተረት ስሰማ፣ መጨረሻው ላይ ከወንዶቹ ጋር ደስ ይለኝ ነበር። በኦሮሞ አፈ ታሪክ አኮ ማኖዬ ወንዶችን በማይፈጸም ትእዛዝ ያስጨነቀች ንግሥት ናት። በሰማይና በምድር መካከል ቤት ሥሩልኝ ትላለች፤ በሁለቱም ፊት ጠጉር ያለው ቆዳ አምጡልኝ ትላለች። ተደብቆ የኖረ አንድ ሽማግሌ መላውን ያስተምራቸዋል፤ ለቤቱ «መሠረቱን ራስዎ ይጣሉልን»፣ ለቆዳው የአህያ ጆሮ። አሟሟቷ እንደየአካባቢው ይለያያል፤ እኔ በሰማሁት በተሸፈነ ጉድጓድ ወድቃ ትቀራለች። ምን እንዳዘዘች እናውቃለን፤ ለምን እንዳዘዘች ግን ተረቱ አይጠይቅም።

ይህን ጥያቄ ያነሣብኝ የአርተር ታሪክ ነው። ጄፍሪ ኦቭ ሞንመዝ በ1150 እ.ኤ.አ. ገደማ በላቲን በጻፈው ግጥም ሞርጋን የዘጠኝ እኅትማማቾች አለቃ፣ የቁስለኛው ንጉሥ ፈዋሽ ናት። በ1485 እ.ኤ.አ. በታተመው የቶማስ ማሎሪ ድርሰት ግን የወንድሟ ጠላት ሆናለች፤ ደሙ እንዳይፈስ የሚጠብቀውን የሰይፉን አፎት ሰርቃ ሐይቅ ውስጥ ትጥላለች። ሆኖም አርተር ሊሞት ሲል በጀልባ ከሚወስዱት ንግሥቶች አንዷ እሷው ናት። ማሎሪ ይህን ተቃርኖ ሳያስታርቀው አልፏል።

አሜሪካዊቷ ማሪዮን ዚመር ብራድሌይ በ1983 እ.ኤ.አ. ባወጣችው «ዘ ሚስትስ ኦቭ አቫሎን» በተባለው ልቦለድ የገባችው በዚህ ክፍተት ነው። አፎቱ እዚህም ሐይቅ ይገባል፤ ነገር ግን አስማቱን በጥልፍ ያኖረችበት ሞርጋን ራሷ ናት፤ የምትወስደውም አርተር ለአቫሎን የገባውን ቃል በማፍረሱ ነው። ድርጊቱ አንድ ሆኖ ሳለ የትረካው አንጻር ሲለወጥ ስርቆቱ ፍርድ ይሆናል። የሥራው ብርታት ይህ ነው።

ድካሙም ከዚሁ ይመነጫል። ከሞርጋን ላይ የተነሣው ክፋት በአብዛኛው በካህናቱና በንግሥቲቱ በግዌንዊፋር ላይ ተጭኗል። እነሱም በፈንታቸው ያለ በቂ ምክንያት ጨካኝ ወይም ጠባብ ሆነው ይታያሉ። ደራሲዋ የከሳሹንና የተከሳሹን ወንበር አለዋወጠች እንጂ ችሎቱን አልለወጠችም።

ለእኛ የሚጠቅመን ትምህርት እዚህ ላይ ይመስለኛል። የመቱ፣ የጎሬ ወይም የበደሌ ወጣት ደራሲ ነገ አኮ ማኖዬን በልቦለድ ቢያስነሣት፣ ንጹሕ ሰማዕት ሊያደርጋት ይፈተናል። ያን ካደረገ ትእዛዞቿ ትርጉም ያጣሉ፤ ሽማግሌውም ተራ ሸረኛ ሆኖ ይቀራል። ተረቱን እንዳለ ቢደግመው ደግሞ ሴት ከነገሠች አገር ይጠፋል የሚለውን ብይን ያጸናል። የሚሻለው ንግሥቲቱ ሥልጣኗን በምን ፍርሃት እንደጠበቀች፣ ወንዶቹም ከጉድጓዱ አፍ ሲመለሱ ምን እንደተሰማቸው መጠየቅ ነው። ንግሥቲቱ የጠየቀችው ቆዳ በሁለቱም ፊት ጠጉር ነበረው፤ ታሪኳም እንዲሁ ሁለት ፊት ያለው ሆኖ ቢጻፍ ተገቢዋ ነው እላለሁ።